ወለሉ ደርቋል?

«ያቺ አሮጊቷን የሰበረችው ናት እኮ! አሁን ደግሞ ተራው የልጆቹ እግር ሊሆን ነው?»

ተናጋሪው የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ድምፁ እንደ ደወሉ በር ቢዘጉበትም ያልፋል። የሥነ ጽሑፍ መምህርቷ አርባ ሁለት ደብተር በሁለት ክንዷ አቅፋ የመምህራን ማረፊያውን በር በክርኗ ልትገፋ ስትል ነው የሰማችው፤ ክርኗ በሩ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ውስጥ ጸሐፊዋ ሻይዋን እያማሰለች «ኧረ ባክህ! እሷ ናት እንዴ?» ትላለች። እሱም ቀጠለ። ለጽዳት ሥራ ካመለከቱት ሁለት ሴቶች አንዷ ሰው ቤት ተቀጥራ ሳለ ወለል ላይ ውሃ አፍስሳ፣ ሳትጠርግ ትታ፣ የቤቱን አሮጊት ዳሌ አሰብራ የተባረረች መሆኗን፣ ትምህርት ቤት ማለት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ወለል መሆኑን፣ ሌላዋ አመልካች ግን ጨዋና ጠንቃቃ ልጅ መሆኗን አስረዳ። ሌላዋ አመልካች የሚስቱ እህት ልጅ መሆኗን አላስረዳም፤ ጊዜ አጥሮት ይሆናል።

መምህርቷ አሮጊቷን ታውቃታለች፤ እናቷ ናት። የተባረረችውንም ታውቃታለች፤ ሦስት ዓመት ከትንሽ ልጇ ጋር አብራቸው የኖረች፣ ከቅጥነቷ የተነሳ ቤተሰቡ በሙሉ «ቀጮ» እያለ የሚጠራት ሴት ናት። ውሃውን ማን እንዳፈሰሰውም ታውቃለች። ራሷ ናት። ይህን ከእሷ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ወይም የለም ብላ ነው አሥራ አንድ ወር ሙሉ ስትበላ፣ ስትተኛና ፈተና ስታርም የከረመችው። በሩን ሳትከፍት ተመለሰች። ኮሪደሩ ላይ የጠዋቷ ጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ይዛ ጎንበስ ብላለች። «ደርቋል?» ስትል ጠየቀቻት። «ኧረ ቲቸር፣ አሁን እኮ ነው የነካሁት!» ብላ ሳቀች ሴትዮዋ። መምህርቷ ግድግዳውን ይዛ፣ በጠርዝ በጠርዙ፣ ደብተሮቹን ደረቷ ላይ አጥብቃ አለፈች።

የመጀመሪያው ደወል ሳይደወል የአስተዳደር ኃላፊው አስጠራት። መምህራኑ ከጀርባው «ማኅተም» ነው የሚሉት፤ ማኅተም ያላረፈበት ነገር ለእሱ አልሆነም ማለት ነው፤ ሞትም ቢሆን። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ከፋይሎቹ የተረፈውን ቦታ እሱና አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ይካፈሉታል። እንድትቀመጥ በእጁ አመለከታትና አንድ ቅጽ ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «ለጽዳት ያመለከተችው ሴትዮ የቀድሞ አሠሪ ብላ የእርስዎን ቤት ነው የሞላችው። ነገ ጠዋት ኮሚቴው ይቀመጣል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስተያየትዎን ጽፈው ቢሰጡኝ… እኔ ወሬ አልሰማም፤ የተጻፈ ነው የምሰማው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ማመልከቻ አይቼ አላውቅም። ወይ ቂል ናት ወይ ደግሞ ቅን ናት፤ እስቲ ይዩት» አለ።

የቀጮ እጅ ጽሑፍ ተለቅ ተለቅ ያለ ነው፤ ማታ ማታ ወጥ ቤት ቁጭ አድርጋ ፊደል ያስጨረሰቻት መምህርቷ ራሷ ነበረች። «ከሥራ የተሰናበቱበት ምክንያት» በሚለው ፊት ለፊት እንዲህ ይላል፤ «ቧንቧ ከፍቼ ረስቼ አንድ ትልቅ ሰው ሰብሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን እጠነቀቃለሁ።»

መምህርቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አሥራ አንድ ወር ስትፈራ የኖረችው ቀጮ አንድ ቀን ከበሩ ቆማ «እኔ አይደለሁም» ብላ እንዳትጮህ ነበር። ይህን ግን አስባው አታውቅም። «ሙሉ ጊዜዋን ነው የምትሠራው?» የሚል ትርጉም የሌለው ነገር ጠየቀች። ማኅተም «ሙሉ ጊዜዋን» አለ፣ ልክ የሚገባ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሁሉ። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ውሃው የፈሰሰበት ቀን ነገር ረጅም አይደለም። በሰፈራቸው ውሃ የሚመጣው በተራ ነው። መምህርቷ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፈተች፤ ጠብ አላለም። ሲመጣ እንድትሰማ ብላ ክፍቱን ትታ፣ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጣ፣ የተማሪዎች ጽሑፍ ለማረም ተቀመጠች። ውሃው መጣ፤ ሰማችውም። ግን አንድ ተማሪ የጻፈው ነገር ልቧን ሰርቋት ነበር፤ ቃል እየቆጠረች ነበር፤ «ይቺን ገጽ ብቻ» አለች። ገጿ ስታልቅ ባልዲው ሞልቶ፣ ፈሶ፣ ኮሪደሩን ጨርሶ ነበር፤ ሰዓቱም ሁለት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቧንቧውን ዘግታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀጮ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ትጠርገዋለች ብላ ሮጠች። ቀጮም ተመለሰች፤ አየችው፤ ማን አፈሰሰው ብላ ሳትጠይቅ ጨርቅ አንሥታ ከወጥ ቤቱ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። እናትየው ከሌላኛው ጫፍ ከክፍሏ ወጣች። የመምህርቷ ታላቅ እህት ጩኸት ሰምታ ስትደርስ እናቷን መሬት ላይ፣ ቀጮን ጨርቅ በእጇ ይዛ ተንበርክካ አገኘቻቸው። ከዚህ የበለጠ እጅ ከፍንጅ የለም። መምህርቷ ሆስፒታል ስትደርስ ፍርዱ አልቆ ነበር። አንድ ጊዜ «እሷ እንኳ…» ብላ ጀምራ ነበር፤ ሐኪሙ ገባ። ማታ ቤት ስትመለስ የቀጮ አልጋ ተነሥቷል። ነገ እናገራለሁ አለች። ነገም እንዲሁ አለች።

ክፍል ስትገባ አርባ ሁለቱ ተነሥተው ተቀመጡ። በዚህ ወር የሚማሩት ከአራት መቶ ዓመት በፊት በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ አንድ አሳዛኝ ተውኔት ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ የግምጃ ቤት ሹም የሆነ ሰው ዙፋን ፈልጎ ሕፃኑን ንጉሥ ሐይቅ ውስጥ ገፍትሮ ያሰጥመዋል፤ ታንኳው ተገለበጠ ብሎ ያስለቅሳል፤ ራሱም ከሁሉ አብልጦ ያለቅሳል፤ ይነግሣል። መምህርቷ ይህን ተውኔት አሥራ ስድስት ዓመት አስተምራለች፤ በአስተማሪነቷም የታወቀችው በአንድ ዘዴ ነው። ተማሪዎቹን ተውኔቱን አታስተርካቸውም፤ ቃል ታስቆጥራቸዋለች። ለአንዱ ረድፍ እሳት፣ ለአንዱ ልብስ፣ ለአንዱ እንስሳ፣ ለአንዱ ውሃ ትሰጣለች፤ እነሱም ገጽ በገጽ እየለቀሙ ሰሌዳ ላይ ይደረድራሉ። ስለዚህም ቅጽል ስሟ «ቆጣሪዋ» ነው፤ ታውቃለች፤ አትጠላውም።

የውሃው ረድፍ ዛሬ ተራው ነበር። ከኋላ የምትቀመጠው፣ ነገር አዟዙራ ካልጠየቀች የማትጠግበውና ሁሉም «ጠበቃዋ» የሚሏት ልጅ ጠመኔ ይዛ ቆመች። «ቲቸር፣ ውሃ የለም» አለች። ክፍሉ ሳቀ። «ከግድያው በፊት ሹሙ ውሃ፣ ዝናብ፣ ወንዝ፣ ጠል እያለ ሃያ ጊዜ ይናገራል። ከገደለው በኋላ አንድም የለም። ሌሎቹ ስለ ሐይቁ ሲያወሩ እንኳ እሱ ወሬ ይቀይራል። ስለዚህ የሌለውን ከመቁጠር ብለን ያለውን ቆጠርን።» ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረች፤ አቧራ፣ አመድ፣ ገለባ፣ ባዶ ጽዋ፣ የደረቀ ዳቦ፣ እሳት ዳር የተሰቀለ ካባ። «ዘውዱን ሲጭኑለት ምን አለ መሰላችሁ? ‹ጫማችሁ አቧራ መሆኑን ሳይ ደስ ይለኛል› አለ። ምን አገናኘው? ከዚያ የገባውን እንግዳ ሁሉ መንገዱ ደረቅ ነው ወይ እያለ ይጠይቃል። ሠላሳ አንድ ጊዜ፣ ቲቸር። ሠላሳ አንድ!»

መምህርቷ ይህን ዝርዝር በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ከሠላሳ በላይ በሆኑ ክፍሎች አይታዋለች። ዛሬ ግን ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሲንጫጫ ጥርሷን አመማት። «ጥሩ» አለች፤ «ቀጥሉ» ልትል ነበር። ጠበቃዋ አልተቀመጠችም።

«ቲቸር፣ ሹሙ ራሱ እንዲህ እንደሚናገር ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው» አለች መምህርቷ። ሌላ ጊዜ ትምህርቱን የምትዘጋበት አንድ ዓረፍተ ነገር አላት፤ ጥፋተኛ ስለ ጥፋቱ አያወራም፤ ጥፋቱ ግን የሚያወራው ነገር ሁሉ ውስጥ ይገባል የምትል፤ ተማሪዎቹ ከታላላቆቻቸው ሰምተው በቃላቸው የሚጠብቋት። ዛሬ አላለቻትም። ደብተሮቹን ማደል ጀመረች፤ ደወሉ እስኪደወል አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ነበር፤ ልጆቹ ተያዩ።

በእረፍት ሰዓት ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ቅጹን አወጣች። ጥሩ ነገር እጽፋለሁ፤ ታገኘዋለች ሥራውን፤ ያልቃል። በእርሳስ ጀመረች። «ታማኝ፣ ታታሪና ንጹሕ ሠራተኛ ነበረች። በዚያን ጊዜ የተፈጠረው ያልታሰበ አጋጣሚ ሁላችንንም ያሳዘነ ሲሆን፣ ሁኔታውን በአንድ ሰው ላይ ብቻ መጣል አስቸጋሪ ነው። እጇ የነካው ወለል ሁልጊዜ ደረቅ ነበር።» አነበበችው። ከዚያ እንደ ልማዷ፣ ሳታስበው፣ ቀይ እስክሪብቶዋ በእጇ ገብቶ ነበር። «ያልታሰበ አጋጣሚ» የሚለውን አከበበች። «ሁኔታው» የሚለውን አከበበች። «ደረቅ» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ወረቀቱ የተማሪ ቢሆን ኖሮ ከዳሩ ምን እንደምትጽፍበት ታውቃለች፤ «ይህ ሰው ምን እየደበቀ ነው?» በእርሳስ የጻፈችውን በሙሉ አጠፋችው። ቀዩ ግን አልጠፋም፤ የክቦቹ መሐል ባዶ ቀረ።

ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ቤት ሄደች። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ በአንድ ወገን ተጎራብተው የተደረደሩ ክፍሎች፣ በሌላው ወገን ያ ረጅም ኮሪደር። ኮሪደሩ አሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ምንጣፍ ለብሷል፤ ምንጣፉን የገዛችው መምህርቷ ናት፤ ዋጋውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ወለሉ ደርቋል?» አለች፤ ከወጥ ቤት ታላቅ እህቷ «ማን አርጥቦት!» ብላ መለሰች። በቤቱ ሁሉም እቴቴ የሚሏት ይቺ እህት ባሏ ከሞተ ወዲህ እናቷን ይዛ የተቀመጠች፣ ትእዛዝ እንጂ ልመና የማታውቅ ሴት ናት። ቀጮን ያባረረቻት እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ሌላ ሠራተኛ አልተቀጠረም፤ እቴቴ «ሰው አላምንም» ብላ እናቷን ራሷ ታነሣለች፣ ራሷ ታጥባለች፤ ወገቧ ታሞ ሌሊት ስታቃስት መምህርቷ በግድግዳው ትሰማታለች።

እናትየው ከኮሪደሩ አጠገብ ባለው ክፍል ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ዳሌዋ በደንብ አልጋጠመም። አልጋዋ ከመስኮቱ ጎን ነው፤ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ያሳያል፤ ስለዚህ ዓይኗን ብዙ አትጠቀምበትም። ሦስቱም እዚያው አልጋ ዙሪያ ይበላሉ፤ እቴቴ ሾርባውን ለእናቷ በማንኪያ እያቀረበች፣ በመሐል የራሷን እየጎረሰች። መምህርቷ መሐረብ ልታወጣ ቦርሳዋን ስትከፍት ቅጹ ተከትሎ ወጣና አልጋው ላይ ወደቀ። እቴቴ አነሣችው። የቀጮን ስም አየች።

«እሷ? እናንተ ጋ? ዓይኗን በጨው አጥባ አንቺ ያለሽበት ትምህርት ቤት?» ማንኪያው ሾርባው ውስጥ ገባ። ከዚያ አነበበችና ፊቷ ፈካ፤ «አየሽ! ራሷ አመነች! ‹ሰብሬአለሁ› ብላ በእጇ ጽፋለች! እኔ ያን ቀን ስላት ‹እኔ እንጃ፣ እኔ እንጃ› ትል አልነበር? ጻፊ፣ እንዳይቀጥሯት ጻፊ፤ ይሄን ሁሉ ባዶ ቦታ የተዉት ለምን መሰለሽ?»

መምህርቷ ዳቦ ቆረሰች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«እስቲ አንብቢልኝ» አለች እናትየው።

እቴቴ አነበበችላት፤ ጮክ ብላ፣ «ትልቅ ሰው ሰብሬአለሁ» የሚለው ላይ ቆም እያለች። እናትየው ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከዚያ ዓይኗን ሳትከፍት «አላደረገችውም» አለች።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል፣ ራሷ እኮ ነው የጻፈችው!»

«ጽፋለች። አላደረገችውም።» አሮጊቷ ዓይኗን ገልጣ ታናሽ ልጇን አየቻት። «እኔ ከወደቅሁ ወዲህ ሥራዬ መስማት ነው። ሌላ ምን አለኝ? አንቺ ልጅ ጠዋት ስትነሺ ‹ወለሉ ደርቋል?› ትያለሽ። ማታ ስትገቢ ‹ወለሉ ደርቋል?› ትያለሽ። ምንጣፍ አልብሰሽው እንኳ ትጠይቂያለሽ። ውሃ ስጪኝ ስልሽ ብርጭቆውን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ነው የምትመጪው፣ ቦንብ ይመስል። እቴቴ ቀጮን በቀን ሁለቴ ትረግማታለች። አንቺ አንድ ቀን ክፉ ተናግረሻት አታውቂም። አንድ ቀን ስሟን ጠርተሽ አታውቂም። መጀመሪያ ያዘንሽልኝ መሰለኝ። ኋላ ግን መቁጠር ጀመርኩ።»

እቴቴ ከአንዷ ወደ አንዷ ታያለች። ማንኪያውን ከሾርባው ልታወጣ ጣቷን ከታ ተቃጠለችና ጣቷን አፏ ውስጥ አደረገች፤ እንደ ልጅ።

«ለምን ዝም አልሽኝ?» አለች መምህርቷ። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም።

«ልጄ ነሻ። ነገ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች አልኩ። ሰው ቤት የሚሠራ ሰው ሌላ ሥራ አያጣም አልኩ። እንዲህ እያልኩ ተኛሁ።» እጇን ወደ ወረቀቱ ዘረጋች፤ አልደረሰችበትም። «አሁን ግን ያላደረገችውን አደረግሁ ብላ ጽፋለች። ይሄን ምን ላድርገው? ምኑ ላይ ልተኛ?»

«እኔስ?» አለች እቴቴ ወደ ታናሽ እህቷ ዞራ። ጮኸች ቢባል አልጮኸችም። «እኔ ነኝ ያባረርኳት። ልብሷን እንድትሰበስብ ሩብ ሰዓት ነው የሰጠኋት። ልጇን እጇን ይዛ ስትወጣ ከኋላዋ በሩን ገርበብ እንኳ አላደረግሁም፤ ዘጋሁት። እየሰማሽ! እዚያ ክፍል ቁጭ ብለሽ በቀን ሁለቴ ስረግማት እየሰማሽ! እኔን ምን አደረግሽኝ?» ሳህኖቹን ሰበሰበች፤ ያልተበላውንም። ወጥ ቤት ስትደርስ የሳህን ድምፅ አልተሰማም። መምህርቷ ይቅርታ ለማለት ተነሣች፤ ለየትኛዋ እንደምትል ግራ ገባትና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ስትወጣ ስለ ወለሉ አልጠየቀችም።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ክፍል አስተማረች፤ ምን እንዳስተማረች አትጠየቅ። አሥር ተኩል ላይ የመምህራን ማረፊያ ገብታ፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሁለተኛውን ሻይ ይዞ በተቀመጠበት ፊት ለፊት፣ ቀዮቹ ክቦች መሐል በቋሚ ቀለም ጻፈች። አራት መስመር ነው። «ቧንቧውን ከፍቼ የረሳሁት እኔ ነኝ። ውሃውን አይቼ ሳልጠርግ የሄድኩት እኔ ነኝ። እናቴ የወደቀችው በዚያ ነው። እሷ ስትባረር እያወቅሁ ዝም አልኩ።» ፈረመች። ሰውዬው «ምነው ዛሬ ፊትሽ አመድ መስሏል፣ ምሳ አልበላሽም?» አላት። «ነገ ኮሚቴው ላይ ትሰማዋለህ» አለችው።

ቢሮው ወስዳ ስትሰጠው ማኅተም መነጽሩን አድርጎ አነበበ። መነጽሩን አውልቆ አነበበ። እንደገና አደረገው። «ይሄ ስለ እርስዎ ነው እኮ» አለ በመጨረሻ። «ቅጹ ስለ አመልካቿ ነው። ይሄንን… የቱ ጋ ነው የምመዘግበው?»

«የጻፍኩበት ጋ።»

«ነገ አምስት ሰው ፊት ይነበባል። ማታውን መላው ትምህርት ቤት ያውቀዋል። ሌላ ቅጽ ልስጥዎት?» ይህን ያለው በቅንነት ነው፤ መሳቢያውን ከፍቶ አዲስ ቅጽ አውጥቶም ነበር። አዲሱ ቅጽ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ክብ የሌለበት ነው። መምህርቷ አየችው፤ ከልቧ ፈለገችውም። ከዚያ ማኅተሙን ከመያዣው አንሥታ እሱ እጅ ላይ አስቀመጠችለት። ሰውዬው ተንፍሶ መታው።

ቀጮ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የአሠሪዋ አስተያየት መድረሱን ልትጠይቅ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነይ ተብላ። ይበልጥ ቀጥናለች። መምህርቷን ስታይ ብድግ ብላ አንገቷን ደፋች። «እትዬ፣ ይቅርታ፤ እርስዎ ያሉበት መሆኑን ሳውቅ ልተወው ነበር። እማማ እንዴት ናቸው? ዳሌያቸው ሻል አለ?» በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው፤ መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችው መሆኑ ያስታውቃል።

መምህርቷ አጠገቧ ተቀመጠች። ነገሩን ስትጀምረው ከጠዋቱ ጀመረች፣ ከውሃው ተራ፣ ከባልዲው፣ ከተማሪው ጽሑፍ። ቀጮ ትሰማለች፤ የማይገባት ትምህርት እንደሚያስተምሯት ሰው ግንባሯን ቋጥራ። ከዚያ «እኔ ነበርኩ፤ አንቺ አይደለሽም» የሚለው መጣ።

«እኔ አይደለሁም?»

«አይደለሽም።»

«ዳቦ ልገዛ ስወጣ ቧንቧውን አልነካሁትም?» ቀጮ ሁለት እጇን አየቻቸው፤ አዙራ አየቻቸው። «እኔ እኮ አስታውሳለሁ። መጀመሪያ አላስታውስም ነበር። ኋላ ግን ሌሊት ሌሊት ሳስበው ስከፍተው ታየኝ። እጄ ላይ ብረቱ ሲቀዘቅዘኝ ሁሉ ይታየኛል።» ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፤ እሱ ቢኖር ይሻል ነበር። «የሚያሳድረኝ ሰው ቤት ልገባ እየፈለግሁ ፈራሁ። ሽማግሌ ያለበት ቤት አልሠራም አልኩ። ሕፃን ያለበትም አልኩ። ልብስ እያጠብኩ ነው የኖርኩት፣ ውጭ፣ ሜዳ ላይ፤ እዚያ የሚወድቅ የለም።» ከዚያ ቀና አለች። «ለልጄ ነግሬአታለሁ እኮ!»

«ምን ብለሽ?»

«እናትሽ ትልቅ ሰው ሰብራለች፤ አንቺ ግን ስትሠሪ ተጠንቀቂ ብዬ። ውሃ በነካች ቁጥር እነግራታለሁ። አሁን ውሃ ስትቀዳ እጇ ይንቀጠቀጣል።» ተነሣች። ሥራውን አልጠየቀችም። «ይምጡና ይንገሯት።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ቀጮ ከፊት፣ መምህርቷ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ሃያ ደቂቃ ነው። ከዋናው መንገድ ወርደው፣ ልብስ የተሰጣበትን ሰፊ ግቢ አቋርጠው፣ ከበስተኋላ አንዲት ክፍል ጋ ደረሱ። አንድ አልጋ፣ አንድ ዱካ፣ ክዳኑ በጥብቅ የተገጠመ ጀሪካን፤ ከጀሪካኑ ሥር አራት ዕጥፍ ጨርቅ ተነጥፏል። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ አልጋው ላይ በሆዷ ተኝታ የቤት ሥራ ትጽፋለች። መምህርቷን ስታይ ተነሥታ ተቀመጠች፤ እነሱ ቤት ኮሪደር ላይ ኳስ ስታንከባልል ያደገች ልጅ ናት፤ አውቃታለች፤ ፈገግ ግን አላለችም።

«የሚነግሩሽ ነገር አለ» አለች ቀጮ።

መምህርቷ ወደ አልጋው ቀረብ አለች። «አየሽ፣ የእኛ ቤት ኮሪደር ረጅም ነው፤ ታስታውሽው የለ? ውሃ ደግሞ በተራ ነበር የሚመጣው፤ እኔም በዚያን ሰሞን ብዙ የማርመው ወረቀት…»

«እትዬ» አለች ቀጮ፣ በሩን ተደግፋ። «አሳጥረው ይንገሯት።»

ልጅቷ እርሳሷን ይዛ ትጠብቃለች። አሥራ ስድስት ዓመት አርባ አርባ ልጅ ፊት የቆመች ሴት በዚች አንዲት ልጅ ፊት እንደ ተማሪ እጇን ወደኋላ አድርጋ ቆመች። «እማማን የሰበርኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «እናትሽ ምንም አላደረገችም። አውቅ ነበር፤ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ልጅቷ መምህርቷን ብዙም አላየቻትም። ዞራ እናቷን አየች።

«ታዲያ አንቺ ለምን እኔ ነኝ አልሽኝ?»

ቀጮ መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የልጇን ፀጉር በጣቷ ትለያይ ጀመር። «ሁሉም ሲሉኝ ጊዜ» አለች፣ «አመንኳቸው።»

መምህርቷ ቆማ ሰማች። ቁጭ በይ ያላት የለም።